ገጠር የሚቀረው ቮልት

ለጽሕፈት ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ፣ ለባለድርሻ አካላት፣ እንዲሁም ጉዳዩ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለሚመለከታቸው ወገኖች፦ በአዲሱ ፒክአፕ መኪናችን የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ውስጥ ቀይ ቁጥር የምታበራ አነስተኛ መሣሪያ በዛሬው ዕለት በተሳካ ሁኔታ የተሰካች መሆኑን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ለዚህ ስኬት ርብርብ ላደረጋችሁ ሁሉ ምስጋናችን ይድረሳችሁ።

ማስታወቂያው ክብ ማኅተም ተመትቶበት ወልቂጤ ባለው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጠፈ። ርብርቡን ያደረጉት አንድ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው። የጽሕፈት ቤቱ ሙሉ ስም ከታፔላው ተርፎ ግድግዳው ላይ ስለሚቀጥል እዚህ አንደግመውም። ለልማት የተቋቋመ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። ጊዜው ሁሉም ነገር ለልማት የሚቋቋምበት፣ የተቋቋመው ሁሉ ደግሞ የሚገመገምበት ጊዜ ነበር።

መሣሪያዋን ያመጧት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ዓለምዘውድ ናቸው። ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደው፣ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ሲከብዳቸው ሹልክ ብለው መርካቶ ወረዱ። እዚያ የመኪና ዕቃ የሚነግድ የአጎታቸው ልጅ አለ። ዘመድን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ስለሆነበት ይህችን አውራ ጣት የምታክል ነገር ኪሳቸው ከተተላቸው። አጠቃቀሟንም እዚያው ቆሞ አስተማራቸው።

«የባትሪህን ቮልት ነው የምታነብልህ። አሥራ አራት ካለች ዲናሞህ ደህና ነው። ከዚያ ከወረደች አንድ ነገር እየበላው ነው።»

አቶ ዓለምዘውድ በሕይወታቸው ብዙ ሥልጠና ወስደዋል። የአመራር ጥበብ፣ የለውጥ መሣሪያዎች፣ የአመለካከት ግንባታ፤ ሁሉም በአንድ ጆሮ ገብቶ የውሎ አበል ሆኖ ወጥቷል። ከሁሉም ልባቸው ውስጥ የቀረችው ይህች የመርካቶ ትምህርት ናት። አንድ ነገር እየበላው ነው። የሚበላ ካለ ደግሞ መያዝ አለበት።

የፒክአፑ ሾፌር ሰይፉ ይባላል። ነገር የማያበዛ፣ ፀጉሩ ከጆሮ ግንዱ ላይ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ቀድሞ ደርሶ ወንበር ይደረድራል። ናፍጣ ቀድቶ ሸጠ ተብሎ አያውቅም፤ ይህም በስምሪት ክፍል እንደ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ይታያል። ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ሚስቱ ብርቱካን ደጃፏ ላይ ሽንኩርትና ከሰል ትሸጣለች፤ ኪራዩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት የያዘው ግን ያ መሪ ነው። ያ መሪ ከእጁ ከወጣ ቤቱም አብሮ ይወጣል። ይህን ሰይፉ ያውቃል፣ ብርቱካን ታውቃለች፣ አቶ ዓለምዘውድም ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጉንችሬ ነበር። አቶ ዓለምዘውድ ጋቢና ተቀምጠው ዓይናቸውን ከቀይዋ ቁጥር አልነቀሉም።

«አሥራ አራት ነጥብ ሁለት» አሉ ከወልቂጤ ሲወጡ፣ የአየር ትንበያ እንደሚያነብ ጋዜጠኛ።

«ጥሩ ነው» አለ ሰይፉ።

ጉብሬን አልፈው ዳገቱ ሲመጣ ሰይፉ ነዳጅ ሰጠ። ቁጥሯ መውረድ ጀመረች።

«አሥራ ሦስት ነጥብ አራት… አሥራ ሦስት… አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት! ሰይፉ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እየነዳሁ።»

«ምን ነካህ ነው የምልህ! ወረደ እኮ!»

«ዳገት ነው፣ አቶ ዓለምዘውድ።»

«ዳገት የሚበላው ነዳጅ ነው። ኤሌክትሪክ ምን አገባው?»

ሰይፉ ማርሽ ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር እሱም ግራ ገብቶታል። የድሮዎቹ መኪናዎች ዲናሟቸው ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም፤ ሲሠራ አሥራ አራት ላይ ቀጥ ይላል፣ ሳይሠራ ቀይ መብራት ይበራል፣ አለቀ። ይህች ግን አዲስ ናት፤ ላስቲኩ ገና ከወንበሯ አልተላጠም። የምታስበውን አትናገርም።

ወደ አመሻሹ ሲመለሱ ከአታት ወዲህ ቁልቁለቱን ሰይፉ እግሩን ከነዳጁ አንስቶ ሲለቃት ቁጥሯ ተነሥታ አሥራ አራት ነጥብ ስምንት ገባች። አቶ ዓለምዘውድ ቁጥሯን መዳፋቸው ላይ ጻፉ። ወልቂጤ መግቢያ ላይ ሐሳባቸው በሰለ።

«ወደ ገጠር ስንሄድ ይወርዳል» አሉ።

«አዎ።»

«ወደ ከተማ ስንመለስ ይወጣል።»

«አዎ።»

«ስለዚህ ቮልቱ ገጠር እየቀረ ነው።»

ሰይፉ ፈገግ አለ። ቀልድ መስሎት ነበር።

በሚቀጥሉት ሳምንታት አቶ ዓለምዘውድ ምርምራቸውን ቀጠሉ። ጉንችሬ በሄዱ ቁጥር ይወርዳል፤ እምድብር በሄዱ ቁጥር ይወርዳል፤ መመለሻው ላይ ይወጣል። ወልቂጤ ከገጠሩ ዝቅ ብላ መቀመጧን የሚያውቅ ሰው ሌላ ነገር ያስብ ይሆናል። አቶ ዓለምዘውድም ያውቃሉ፤ ተወልደው ያደጉበት አገር ነው። ነገር ግን ዳገት የሚገመገም ነገር አይደለም። ዳገትን ማስጠንቀቂያ መስጠት አይቻልም። ሾፌርን ይቻላል።

ሰይፉ በበኩሉ መኪናዋን አንድ የከተማው ኤሌክትሪሻን ዘንድ ወሰዳት። ኤሌክትሪሻኑ ኮፈኑን ከፈተ፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አስነካ፣ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ጥቂት ተመለከተና ኮፈኑን መልሶ ዘጋው።

«ዲናሞው ሰክሯል» አለ። «ውሰዳት፣ እኔ አልነካትም።»

ማስረጃው የተገኘው በዚያው ሰሞን ነው። የንብረትና ስምሪት ሠራተኛው ሸምሶ ለዓመታዊ ቆጠራ የመኪናዋን ኪስ ሲከፍት አንድ ባለ ብዙ ጭራ የስልክ ቻርጀር ወጣ። በዚያ ዘመን ስልክ ከመብራት ቀድሞ ገጠር ገብቶ ነበር። ገበያ ቀን ጉንችሬ ላይ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ደጃፍ የገበሬ ስልክ እንደ ሽንኩርት ተዘርግቶ ቻርጅ ሲደረግ ይውላል፤ ለአንድ ስልክ ሁለት ብር። አቶ ዓለምዘውድ ቻርጀሩን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት፤ ከዚያ ሰይፉን አዩት። ሁሉም ነገር ገጠመላቸው። እሳቸው ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ሾፌሩ መኪናዋን ገበያ ዳር አቁሞ የሕዝብን ቮልት በችርቻሮ ይሸጣል!

ቻርጀሩን ከማንም በላይ የሚጠቀሙበት የአቶ ዓለምዘውድ የራሳቸው ሁለት ስልኮች እንደነበሩ ሰይፉ ለማስታወስ ሞከረ።

«የኔ የሥራ ስልክ ነው» አሉ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

በበር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሁለት ቀን የሠራተኞች ግምገማ ይካሄዳል፤ ከአጀንዳዎቹ አንዱ «የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ በተሽከርካሪ ቮልት ዙሪያ» ይላል። ቀድሞ የማይታወቅ የወንጀል ዓይነት ስለነበር የሌሎች ጽሕፈት ቤቶች ሠራተኞች እየመጡ አነበቡት።

ከግምገማው በፊት በነበረው ቀን ሸምሶ ሰይፉን ከግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አገኘው። ሸምሶ የመስቃን ሰው ነው፤ ከየትኛውም ግምገማ ያለ ጭረት ወጥቶ ያውቃል። ግራና ቀኝ አይቶ ከጎኑ ቁጢጥ አለ።

«ሰይፍዬ፣ ነገ ምን ልትል ነው?»

«እውነቱን። አልሸጥኩም እላለሁ።»

«እንዴ! አልሸጥኩም ልትል?»

«አልሸጥኩማ!»

«እሱን ማን ጠየቀህ? ስማኝ። አልሠራሁም ካልክ የአመለካከት ችግር ነው። ሠርቻለሁ፣ ተጸጽቻለሁ ካልክ የክህሎት ክፍተት ነው። የአመለካከት ችግር ያለበት ይባረራል። የክህሎት ክፍተት ያለበት ሥልጠና ይላካል፤ ወላሂ አበልም አለው።»

«ያላደረግሁትን አደረግሁ ልበል?»

«ዘበኛው ሙስተፋን ረሳኸው? ‹ተኝተህ ተገኘህ› ሲሉት ‹አልተኛሁም› ብሎ ድርቅ አለ። ደግሞ እውነቱን ነው፣ አልተኛም ነበር፤ እኔ ራሴ አብሬው ነበርኩ። ዛሬ የት ነው? ቡኢ መንገድ ዳር ሸንኮራ ይሸጣል። ሒሳብ ሹሟ ደግሞ ‹ቢሮክራሲያዊ ዝንባሌ ታይቶብኛል› ብላ አለቀሰች። ምን እንደሆነ አታውቀውም፤ እኔም አላውቀውም። ዘንድሮ ምክትል ሆናለች።»

ሰይፉ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቱ ሲያዞር ቆየ።

«እኔ አማኝ ሰው ነኝ፣ ሸምሶ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ? አላህ ልብህን ያውቃል። መድረኩ ግን ልብ አያነብም፤ የሚሰማው አፍህን ነው። አንድ ቀን ነው፣ ትናገራለህ፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። መሪህ ይኖርሃል።» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ብቻ ሸምሶ መከረኝ እንዳትል። ልጆች አሉኝ።»

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። የሰይፉ ተራ ሲደርስ ተነሥቶ እጁን አጣመረ። አቶ ዓለምዘውድ ከመድረኩ ላይ በአባትነት ተመለከቱት።

«አቶ ሰይፉ፣ ግለ ሂስህን እንስማ።»

«ጥፋት… አጥፍቻለሁ።»

«ዘርዝረው። ግለ ሂስ ጥልቀት ይፈልጋል።»

«ስልክ… ቻርጅ አድርጌያለሁ።»

«የማንን?»

«የሰው።»

«ስንት ስልክ?»

ሰይፉ ይህን አላሰበበትም ነበር። ውሸት ይህን ያህል ዝርዝር እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው አልነበረም። ላቡን በመዳፉ ጠረገ።

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም፣ አቶ ሰይፉ! መድረኩን አክብር!»

«ሃያ ይሆናል?» አለች ምክትሏ ልታግዘው።

«ይሆናል።»

«በአንድ ጉዞ ነው ወይስ በጠቅላላ?» አለ ሌላ ከኋላ።

«በአንድ… በሁለት ጉዞ።»

«አርባ ማለት ነው» አሉ አቶ ዓለምዘውድ፤ አርባ ተብሎ ተያዘ። ከዚያ ሰይፉ መጸጸቱን ተናገረ። ይህኛው እውነት ነበር፤ ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም እውነት ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። ሸምሶ ከሁሉም ይበልጥ አጨበጨበ። ውሳኔው የቃል ማስጠንቀቂያና የአንድ ሳምንት የመልካም ሥነ ምግባር ሥልጠና ሆነ። አቶ ዓለምዘውድ ከመድረክ ወርደው ጨበጡት።

«እንዲህ ነው ጀግና! እንዳንተ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው።»

ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሰይፉ አልጠየቀም። ቤቱ ገብቶ ብርቱካን «እንዴት ዋለ?» ስትለው «ሰላም ነው፣ አለፈ» አላት። ራት ቀረበ፤ ለምግቡ ጸልይ ስትለው ዛሬ አንቺ ጸልይ አለ።

ብርቱካንም የደበቀችው ነገር ነበራት። ትውልዷ ቡታጅራ ነው። እዚያ አጥር ለአጥር ሆና አብራት ያደገችው የጎረቤት ልጅ ሃፊዛ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ማሠልጠኛ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ታስተምራለች። ሾፌሮች ፊቷ ይስቁባታል፤ መኪናቸው ሲቆም ግን በስልክ ይለምኗታል። ብርቱካን በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ለባሏ ሳትነግር ደወለችላት። ሃፊዛ ታሪኩን ሰምታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ «ነገ እመጣለሁ» አለች፣ «ይቺንማ በዓይኔ ማየት አለብኝ!»

እናም በግምገማው ሁለተኛ ቀን፣ የጽዳት ሠራተኞች በመጥረጊያ አያያዝ ላይ ግለ ሂስ እያቀረቡ ሳለ የአዳራሹ በር ተከፈተ። ብርቱካን የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ ሃፊዛን በእጇ ይዛ ገባች።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ባሌ የማንንም ቮልት አልሰረቀም። የሚያስረዳ ሰው ይዤ መጥቻለሁ።»

ሰይፉ ከወንበሩ ተነሣ።

«ብርቱካን፣ ወደ ቤት ሂጂ።»

«ቆይ እንጂ፣ እሷ ትናገራለች…»

«ሂጂ አልኩሽ!»

እንዲህ ብሎ ተናግሯት አያውቅም። ብርቱካን ደነገጠች፤ ባሏ ስለ ፈራ መሰላት፣ ይበልጥ ቆረጠች። ሸምሶ በመዳፉ ግንባሩን ያዘ።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ሃፊዛ ለአዳራሹ። «መኪናዋን ማየት እችላለሁ? ብዙ አልቆይም።»

ነገሩ ለአቶ ዓለምዘውድ ተመቻቸው። እሳቸው የሳይንስ ሰው ናቸው። ደግሞም ያመነ ወንጀለኛ በእጃቸው ስላለ የሚፈሩት ነገር አልነበረም።

«እኛ ሳይንስን አንፈራም» አሉ። «ሁላችሁም ወደ ግቢ!»

ሃፊዛ ሠራች እንጂ አላወራችም፤ መጀመሪያ። ቻርጀሩን ከመኪናዋ አስወጣች። የሁሉንም ስልክ፣ የኃላፊውን ሁለት ጨምሮ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሰይፉ ከግቢው መሐል እንዲቆምና ሁሉም እንዲያየው አደረገች። መሪውን ለሸምሶ ሰጠች፤ አቶ ዓለምዘውድን ጋቢና አስቀምጣ እሷ ከኋላ ገባች። መኪናዋ ወደ ጉብሬ መንገድ ወጥታ ዳገቱን ያዘች።

«ያንብቡልኝ» አለች ሃፊዛ።

«አሥራ አራት… አሥራ ሦስት… አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት» አሉ አቶ ዓለምዘውድ። በእያንዳንዱ ቁጥር ድምፃቸውም ይወርዳል።

«አሁን ይዙርና ቁልቁለቱን እግሩን ያንሣ።»

«አሥራ አራት ነጥብ ስምንት።»

ግቢ ሲመለሱ ሞተሩ እየሠራ ቁጥሯ አሥራ ሦስት አልሞላችም። ሃፊዛ የፊት መብራቱን አበራች። ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደርቦ ያያል፤ ይወርዳል ብሎ የጠበቀው ቁጥር ወጣ፣ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት።

«ያረቢ! መብራት ስታበሪ ጨመረች?» አለ ሸምሶ ሳያስበው።

ሃፊዛ ኮፈኑን ከፈተች። ዓይኗ ማብራት የጀመረው ያኔ ነው፤ ማስተማር ትወዳለች። በባትሪው ኔጌቲቭ ማሠሪያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ጥቁር ነገር በጣቷ ነካች።

«ይቺ ሴንሰር ናት። ባትሪው ምን ያህል እንደጠገበ፣ ምን ያህል እንደሞቀ ለመኪናው ኮምፒውተር ትነግራለች። ድሮ ዲናሞ ሁልጊዜ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሞላ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ነው የሚያዘው። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ ‹አንተ ዲናሞ፣ ለጊዜው ተወው› ይለዋል፤ ጉልበቱ ለጎማው ይተርፋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ቁልቁለት ላይ መኪናዋ በራሷ ክብደት ስትወርድ ግን በነፃ ነው፤ ያኔ ‹ሙላ› ይለዋል። መብራት ሲበራ ደግሞ ቮልቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል።»

«ታዲያ ባትሪውን ለምን አንዴ ሞልቶ አይገላገልም?» አለ አንዱ።

«በአረፋ ስንት ቤት እንደምትጠራ እያወቅክ መጀመሪያው ቤት ጥግብ ትላለህ? ለቀጣዩ ቤት ቦታ ትተዋለህ አይደል? ኮምፒውተሩም ባትሪውን አያጠግበውም፤ ለቁልቁለቱ ቦታ ይተዋል።»

ሳቅ ሆነ። የጉራጌ ሰው ሆኖ ይህ የማይገባው አልነበረም። አጨበጨቡላት። ሰይፉ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ብርቱካን ሮጣ ክንዱን ያዘችው፣ ፊቷ ሁሉ ሳቅ ሆኖ። እሱ ወደ እሷ አልዞረም።

ወደ አዳራሹ ተመለሱ። አቶ ዓለምዘውድ መድረኩ ላይ ወጥተው ውኃ ጠጡ። አንድ ወር ሙሉ ቀይ ቁጥር ሲያሳድዱ ከርመው፣ አጀንዳ ቀርጸው፣ ለበላይ አካል ሪፖርት አድርገው፣ አሁን ቁጥሯ የምትወርደው በፋብሪካ ታዝዛ መሆኑን ሰው ሁሉ አይቷል። አንድ ሰው ተሳስቷል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ገና አልተወሰነም።

«እንግዲህ አቶ ሰይፉ ንጹሕ ናቸው» አለች ሃፊዛ። «ማንም ምንም አልወሰደም።»

ጭብጨባ ጠብቃ ነበር። አልመጣም።

«እህታችን፣ እናመሰግናለን» አሉ አቶ ዓለምዘውድ በዝግታ። «ትልቅ ነገር ነው ያሳየሽን። ትናንት ግን ይህ ሰው እዚሁ ቆሞ አርባ ስልክ ቻርጅ አድርጌ ሸጥኩ ብሎ አምኗል።»

ብርቱካን ሳቀች። ከዚያ ባሏን አየችና ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«ማን? ሰይፉ?»

«ራሱ ነው የተናገረው። አጨብጭበንለታል።»

ሃፊዛ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተች። ቅድም ሁሉን ታውቅ የነበረችው ልጅ ድንገት የምትይዘው ጠፋት።

«ምናልባት… ፈርተው ይሆናል እኮ።»

«ፈርቶ?» አሉ አቶ ዓለምዘውድ። «ማንን? እዚህ ማን ነው የሚያስፈራው?» አዳራሹን በዓይናቸው ዞሩት። «የሚፈራ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!»

ማንም እጁን አላወጣም። እንደማይፈሩ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ።

«አያችሁ?» አሉ። አሁን መንገዱ ተከፍቶላቸዋል፤ ድምፃቸው ተመለሰ። «ሰርቆ ቢሆን ይቅር ብለን ነበር። ስርቆት የክህሎት ክፍተት ነው። አለመስረቁ ግን ዛሬ ታወቀ! ታዲያ መድረኩን ለምን አታለለ? ጽሕፈት ቤቱ ለበላይ አካል የተሳሳተ ሪፖርት እንዲልክ ያደረገው ማን ነው? እኔ ነኝ? ቁጥሯን እንዳየኋት ነው የተናገርኩት። እሱ ነው ያመነው! ይህ ንጹሕ የአመለካከት ችግር ነው።»

«ኧረ በጌታ!» አለች ብርቱካን። «እኔ ነኝ ያመጣኋት፣ እሱ አያውቅም…»

«እናት፣ ተቀመጪ። እኛ ጨካኞች አይደለንም። አሁንም ዕድል እንሰጠዋለን።» ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱት። «አቶ ሰይፉ፣ ያላደረግኸውን ለምን አደረግሁ አልክ? ማን ነገረህ? ምን አስበህ ነው? ለመድረኩ ግልጽ አድርግና መሪህን ይዘህ ውጣ። ግልጽ ካላደረግክ ቁልፉን እዚህ ጋ።»

ሰይፉ ተነሣ። ከሦስተኛው ረድፍ ሸምሶ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ማሠሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። ምክትሏ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራለች። ትናንት «በአንድ ጉዞ ነው?» ያለው ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ብርቱካን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በዓይኗ ትለምነዋለች፤ ተናገር፣ ምንም ይሁን ተናገር፣ ለልጆቹ ብለህ። መልሱን የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ ከሃፊዛ በቀር፣ እሷም አሁን እየገባት ነበር።

ወደ ፊት ሄደና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አሉ አቶ ዓለምዘውድ። «ጥያቄ ጠየቅሁህ እኮ!»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ አስረዳና!»

«አላስረዳም» አለ ሰይፉ።